በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ቆሮሶን በመንጠቆ

ብርዱ ሲጠና ወሎ ውስጥ ባለችው ሐይቅ ከተማ ዳር ባለው ሐይቅ ላይ መንጠቆ የሚጥለው ሰው ይቀንሳል፤ «ዓሣው ጠፋ» ይባላል። አልጠፋም። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሙቅ ውሃ ዓሣ ነው፤ ወደዚህ ሐይቅ የገባውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰው አምጥቶ ለቆት ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ መብላት ይቀንሳል፣ ትሉንም የሚነካው ፈራ ተባ እያለ ነው። በዚህ ወቅት ከትሉ ይልቅ ሰዓቱና የክሩ ቅጥነት ዋጋ አላቸው።

ማለዳ አልወጣም። ጥልቀት የሌለው ውሃ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይሞቃል፤ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ማግስት ዳርቻው ባዶ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ግን ፀሐይ ጥቁሩን ጭቃ ታሞቀዋለች፤ ዓሣውም ከ1 እስከ 1 ሜትር ተኩል ጥልቀት ባለው የደንገል ጠርዝ ይሰበሰባል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ አብዛኛው ሰው መከለያ ይፈልጋል። እኔ የምቆመው ንፋሱ በሚመታው ዳርቻ ነው፤ የሞቀው የላይኛው ውሃ ተገፍቶ የሚከማቸው እዚያ ነውና። ጋቢ ግን ያስፈልጋል።

ዘንጌ 4 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጫፉ የሚለመጥ ቀርከሃ ነው። ክሩ 0.18 ሚሊ ሜትር ናይለን፣ መንጠቆው 12 ቁጥር (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል)፤ የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው። ናይለን በብርድ ስለሚደርቅ እንደተጠቀለለ ይቀራል፤ ከመጣሌ በፊት ክንድ በክንድ እየያዝኩ ቀስ ብዬ እስበዋለሁ። መንጠቆውን ሳስር ክሩን 5 ጊዜ አዙሬ፣ በምራቅ አርጥቤ አጠብቃለሁ። ደረቁን ከጠበቀ በፍትጊያ ይግላል፣ ይሳሳል፤ ዓሣ ሲጎትት የሚበጠሰውም ቋጠሮው ላይ ነው።

ለተንሳፋፊነት የጠርሙስ ቡሽ ለዚህ ወቅት አይሆንም። ዓሣው ክብደቱ ከተሰማው ትሉን ይተፋል። ቀጭን የጃርት እሾህ አስሬ፣ ከውሃው በላይ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ እስኪቀር በትንንሽ እርሳስ አመዝነዋለሁ። የመጨረሻዋ እርሳስ ከመንጠቆው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላ ጭቃው ላይ ታርፋለች። ቁልፉ ይሄ ነው፦ በብርድ ቆሮሶ ተንሳፋፊውን ወደ ታች አይስበውም። ትሉን ከጭቃው አንስቶ ቀና ሲል እርሳሷ አብራ ትነሳለች፣ እሾሁም ከፍ ይልና ውሃው ላይ ጋደም ይላል። መስመጡን የሚጠብቅ ሰው ባዶ መንጠቆ ያወጣል። ጋደም ማለት ሲጀምር የእጅ አንጓን ብቻ ቀና ማድረግ ይበቃል፤ በሙሉ ክንድ ከተመዘዘ ከንፈሩ ይቀደዳል።

ትል ሲባል የትሉ ቁራጭ ማለቴ ነው፣ 2 ሴንቲ ሜትር። ሙሉውን ካደረጉት ጫፉን ቆርጥሞ ይሄዳል። ውሃው ውስጥ የሚበተን ሊጥም በጣት ቆንጥሮ ነው እንጂ በእፍኝ አይደለም፤ ሆዱ ቶሎ ስለማይፈጭ ትንሽ ከበላ ይበቃዋል።

የላይኛው ውሃ በቁሩ ቀዝቅዞ ሲከብድ ይሰምጣል፣ ኦክስጅን ያጣው የታችኛው በምትኩ ይወጣል። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውሃው ቀለሙ ተለውጦ ከሸተተ፣ ዓሣውም አፉን ከፍቶ ላይ ላይ ካለ ዘንጉን አጥፎ መሄድ ነው፤ አየር ያጣ ዓሣ አይበላም።

ከስንዝር ያነሰውን እጄን አርጥቤ እመልሰዋለሁ። የቀረውን እዚያው ሆዱን ከፍቼ፣ ስንጥቡን አውጥቼ በእርጥብ ደንገል እጠቀልለዋለሁ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው ተብሎ ፀሐይ ላይ ከተተወ ሆዱ በኩል ይበላሻል፤ በጾመ ነቢያት ደግሞ ገዢው መጀመሪያ የሚያሸተው እሱን ነው።