ለማን ነው የቆሙት?

ጥብቅና በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቢሮዬ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ጡረተኛ አባት ነበሩ። ለጎረቤታቸው ነጋዴ በጽሑፍ ውል 180,000 ብር አበድረው፣ ሰውየው ቀኑ ሲደርስ ዛሬ ነገ እያለ አሰለቻቸው። ከሰስን።

ክርክሩ ሊሰማ አንድ ቀን ሲቀረው ማታ ልጃቸው ደወለች።

"ወንድሜ፣ አባዬን ዛሬ ቀበርነው።"

አጽናናኋት። ስልኩን ስዘጋ ግን፣ አፍሬ ነው የምናገረው፣ የታየኝ የነገው ቀጠሮ ነው። እንዳይራዘም ፈራሁ። ውክልናው እጄ ላይ አለ፣ ማስረጃው ተሟልቷል። ብቀርብ ምን ችግር አለው?

ጠዋት "ለከሳሽ ቀርቤያለሁ" አልኩ። የተከሳሽ ጠበቃ ብድግ አለ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሳሽ አርፈዋል። ደንበኛዬ ትናንት ቀብራቸው ላይ ነበር።"

ለካ አንድ እድር ናቸው! የለቅሶውን ድንኳን ሲተክል የዋለው ባለዕዳው ኖሯል።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "ታዲያ እርስዎ ለማን ነው የቆሙት?"

ምን ልበል? ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮት ያበቃል። ይቺን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ፈተና ላይ በትክክል መልሻታለሁ።

ጠበቃው በዚህ ቢያቆም ደህና ነበር። መዝገቡም ይዘጋልኝ አለ። እዚህ ላይ እሱም ሳተ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የመክሰሱ መብት የሚተላለፍ እስከሆነ ድረስ፣ ከሳሽ ስለሞተ ብቻ ክሱን አያቋርጥም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከሰውየው ጋር የማይቀሩ መብቶችና ግዴታዎች ወደ ወራሽ ይሄዳሉ። የብድር ገንዘብ እንዲህ ያለ ነው። የፍቺ ክስ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። ጋብቻውን ሞት ራሱ አፍርሶታል፤ ፍርድ ቤቱ ማንን ከማን ያፋታል?

ዳኛዋ ወራሾች በሟች እግር እንዲገቡ ቀጠሮ ሰጡ። በተሰጠው ጊዜ ማንም ካላመለከተ መዝገቡ ይዘጋል።

ከባዱ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት ሄጄ ስለ መዝገብ ሳነሳ አጎታቸው ተቆጡ። "አርባው እንኳ ሳይወጣ ስለ ብር?" አልፈረድኩባቸውም። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ግን አርባ አያውቅም። ልጅቷን ወደ ጓሮ ጠርቼ አስረዳኋት። በማግስቱ የእድር ደብዳቤ ይዛልኝ መጣች፤ ወደ ወሳኝ ኩነት ላክኋት፣ የሞት ምስክር ወረቀት እንድታወጣ። ከዚያ የወራሽነት ማረጋገጫ ለማግኘት ሌላ መዝገብ ከፈትን፣ ምስክሮች አሰማን። ጅዳ ያለው ወንድሟ ውክልና እስኪልክ ደግሞ ሌላ ጥበቃ። ቀኑ ሊያልፍብን ሲል ምክንያቱን ጽፌ ተጨማሪ ጊዜ ጠየቅሁ፤ ተፈቀደልን። አዲስ ውክልናም ከወራሾቹ ተቀበልኩ። ዛሬ ደንበኛ ሲመጣ የቅርብ ቤተሰብ ስልክ ሳልይዝ ፋይል አልከፍትም። አንዳንዱ "ምነው፣ ሟርት ነው?" ይለኛል።

በቀጠሮው ቀን "የሟች ወራሾች" ተብሎ ሲጠራ ልጅቷና ታናሽ እህቷ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ቆሙ። ነጋዴው ዞሮ አያቸውና አቀረቀረ። ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠብቆ ትልቋን "በስንት ጊዜ ልክፈላችሁ?" ሲላት ሰማሁ።