በጣት የሚዳሰስ የተረት መጽሐፍ በጅማ፦ እንዴት ሠራሁት፣ የቱ ጋ ተሳሳትኩ

ለዜሮ ክፍል የሚሆን የተረት መጽሐፍ ስጀምር ያሰብኩት ሁለት ነበር፤ አንዱ ለሚያዩ፣ አንዱ ለማያዩ ልጆች። ተውኩት። ለብቻው የተሠራ መጽሐፍ ልጁንም ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ስለማታውቀው አብረው የሚያወሩበት አይኖራቸውም። የሚታየውም፣ የሚዳሰሰውም፣ በምልክት ቋንቋ የሚተረከውም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

ተረቱ አጭር ነው። አንዲት ልጅ በሐሙሱ የጅማ ሂርማታ ገበያ ለአኮዋ (ለአያቷ) መቀመጫ ትፈልጋለች። የቡና ጆንያ ላይ ትቀመጣለች፣ ጄሪካን ላይ፣ ጉቶ ላይ፤ ሁሉም ጋ «ተንገዳገደ!» ትላለች። በመጨረሻ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ታገኛለች፤ ሦስት እግር ወጣ ገባ መሬት ላይም ቢሆን አይንገዳገድም። ተደጋጋሚዋ ቃል በከንቱ አልገባችም፤ ብዙ መናገር የማይችል ልጅ እሷን ብቻ ይዞ፣ ወይም ሰውነቱን እያወዛወዘ ከሌሎቹ እኩል ይተርካል።

መጀመሪያ 12 ሥዕል አዘጋጀሁና መጽሐፉ አልዘጋ አለ። 8 ይበቃል። የሚያስፈልገው 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ 10 ካርቶን ነው፤ 8 ለገጽ፣ 2 ለሽፋን። የካርቶኑ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። በቀኝ ገጽ ሥዕሉ፣ በግራው (ማለትም በቀዳሚው ካርቶን ጀርባ) ጽሑፉ ይሆናል። በእያንዳንዱ ካርቶን መካከል ማሰሪያው በኩል 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የካርቶን ቁራጭ ይግባ። ይህ ካልተደረገ የተለጠፈው ነገር ገጾቹን ስለሚገፋ መጽሐፉ እንደ ማራገቢያ ይከፈታል። 30 ሳንቲ ሜትር በሆነው ጎን 4 ቀዳዳ በወስፌ ይበሳል፤ በየቀዳዳው 30 ሳንቲ ሜትር ሲባጎ ላላ ተደርጎ ይታሰራል። አጥብቄ ያሰርኩት ገጹን ለመግለጥ ሁለት እጅ ጠየቀ፤ አንድ እጁን ብቻ የሚያዝ ልጅ ሊገልጠው አልቻለም። አሁን በየገጹ ጠርዝ የስፖንጅ ቁራጭ አለ፣ ጣት የሚገባበት ክፍተት እንዲኖር።

ሥዕሉን በቀጥታ ካርቶኑ ላይ አትለጥፉ። መጀመሪያ አቡጀዲ ላይ በመርፌ ይሰፋ፣ ከዚያ አቡጀዲው በነጭ ኮላ ይለጠፍ። እዚህ ላይ የጅማ ክረምት የራሱ ሕግ አለው። በአንድ ወገን ብቻ ኮላ የተቀባ ካርቶን ሲደርቅ ወደዚያው ወገን ይቆለመማል፤ ስለዚህ በጀርባውም ወረቀት ይለጠፋል። ኮላው ስስ ይሁን፤ ከላዩ ክብደት ተጭኖ በበጋ አንድ ቀን፣ በክረምት ሁለት ቀን ይቆይ። የዱቄት ሙጫ ርካሽ ነው፣ ግን በእርጥበቱ ይሻግታል፤ አይጥም ይጠራል።

ብዙ ያስተማረኝ የበርጩማው ሥዕል ነው። ወረቀት ላይ ከጎን ስንስለው አንዱ እግር ይሸፈናል፤ ዓይን የጎደለውን ይሞላል፣ ጣት ግን ያላገኘውን የለም ነው የሚለው። ስለዚህ በርጩማውን ገልብጬ ከሥሩ እንደሚዳሰስ ሠራሁት፦ ክብ መቀመጫ፣ በላዩ ሦስት ጉብታ። ልጆቹም ይቆጥሩበታል። በአንድ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይቀመጥ። ገበያው ደምቆ እንዲታይ ብዬ የጨመርኳቸው ዛፍና ሰው ለጣት ኮረኮንች ብቻ ሆኑ። ደግሞ ዓይናችሁን በጨርቅ ሸፍናችሁ መሞከር አያዋጣም፤ የሠራችሁትን ስለምታውቁ ሁሉም ነገር ግልጽ ይመስላችኋል። ዓይነ ስውር አንባቢ ዳስሶ ይፍረድ።

ለጆንያው እውነተኛ የጆንያ ቁራጭ፣ ለጉቶው ቅርፊት፣ ለጄሪካኑ ጠርዙ የተሞረደ ፕላስቲክ። ቡና ፍሬ መለጠፍ ያምራል፤ ነገር ግን ይነቀላል፣ ከዚያም አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል። በድርብ ጨርቅ ከረጢት ተሰፍቶ ቢገባ እየተንሿሿ ይደመጣልም።

በግራው ገጽ ላይኛው ግማሽ አፋን ኦሮሞ፣ ታችኛው አማርኛ ነው፤ የክፍሉ ልጆች ቤታቸው የሚናገሩት ቋንቋ አንድ አይደለም። ተረቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ቃል በቃል መመለስ አይሠራም፤ በሁለቱም አፉን የፈታ ሰው እንደገና ይተርከው። ቁቤውን (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል) ሳታሳርሙ አታትሙ፦ «ለፋ» (lafa) መሬት ነው፣ «ላፋ» (laafaa) ለስላሳ፤ የሚለያቸው አናባቢውን መድገም ብቻ ነው። ቁቤው በ24 የፊደል መጠን ከታተመ የአማርኛውን ፊደል 28 አድርጉት፤ ቀ እና ቁን የምትለየው ጭረት ትንሽ ናት፣ የማየት ችሎታው ደካማ የሆነ ልጅ አያገኛትም። የሚያብለጨልጭ ላሚኔሽንም ለእሱ መስተዋት ነው።

ብሬሉ በወፍራም ወረቀት በስሌትና ስታይለስ (ቀዳዳ ባለው ሰሌዳና ነጥቡን በሚወጋ መጻፊያ) ይጻፋል፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ምክንያቱም የሚነበበው ወረቀቱ ሲገለበጥ ነው። በአማርኛ ብሬል ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ስለሚጻፉ ቃሉ ቦታ ይበላል፤ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሩ። እርጥብ ኮላ ነጥቡን ያለሰልሰዋል፣ ክብደትም ይደፈጥጠዋል። ስለዚህ ብሬሉ ሁሉም ካለቀ በኋላ በባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ይለጠፍ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ። የየገጹ የላይኛው ቀኝ ማዕዘን ይቆረጥ፤ ልጁ መጽሐፉን ገልብጦ እንደያዘ በዚያ ያውቃል።

ስለ አነባበብ አንድ ነገር ብቻ። መስማት የተሳነው ልጅ ሥዕሉንና የመምህሯን እጅ በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም። ገጹን ታሳይ፣ ትጠብቅ፣ ከዚያ በምልክት ትንገር፣ ደግሞ ትጠብቅ። መጽሐፉን በእጇ ከያዘች ምልክት አትሠራም፤ ከትርፍ ካርቶን የተሠራ ማቆሚያ ያስፈልጋታል። መስኮቱን ከጀርባዋ አድርጋ ከቆመች ደግሞ ፊቷ ይጨልማል።

በኋላው ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ኪስ ሰፍቼ መለዋወጫ አኖርኩበት፦ መርፌ፣ ክር፣ የጆንያ ቁራጭ፣ የበርጩማ እግር። እግሩን ስድስት አድርጉት፤ ሁሉም ልጅ መጀመሪያ የሚጎትተው እሱን ነው።