ሐዋሳ ከአዛውንት ጋር

ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወጣቶች መንገድ ላይ አንዴ ቆመው ቡና ጠጥተው ምሳቸውን ሐይቁ ዳር ይበሉታል። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች ይዤ ስሄድ ግን ኪሎ ሜትር አልቆጥርም። ከመኪናው ወለል እስከ መሬት ስንት ስንዝር እንደሆነ፣ ቀጣዩ የመቀመጫ ሽንት ቤት የት እንዳለ፣ ከመኝታ ክፍሉ እስከ ምግብ አዳራሹ ስንት ደረጃ እንደሚወጣ ነው የምቆጥረው። መንገዱ ራሱ ብዙም አያስቸግርም፤ አዛውንቱን የሚያደክሙት እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ መኪናው። ብዙ ቤተሰብ ለክብር ብሎ ላንድክሩዘር ይከራያል። ወለሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በየፌርማታው በሁለት ሰው ትከሻ መውጣትና መውረድ አለበት፤ ከሦስተኛው ፌርማታ በኋላ «እኔ እዚሁ ልቀመጥ» ማለት ይጀምራል። ለሁለት አዛውንት ተራ የቤት መኪና ይበቃል። ከአራት በላይ ከሆኑ ጣሪያው ከፍ ያለ ሚኒባስ ይሻላል፣ ጎንበስ ሳይሉ ይገባሉና። ለየትኛውም መኪና እግሩ የማይንሸራተት ጠንካራ በርጩማ እይዛለሁ። ሲወጡም ሲወርዱም እሱን መርገጥ ነው። ለአዛውንት የሚሆነው የፊት ወንበር ወይም መካከለኛው ረድፍ ነው። የኋላው ወንበር ከጎማው በላይ ስለሚውል እያንዳንዱ ብሬከር በቀጥታ ወገብ ላይ ያርፋል፣ ከባቱ (ከድሮው ዝዋይ) ወዲያ ደግሞ ብሬከሩ ብዙ ነው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ጥሩ ነው። ከዚያ ቀደም ካሉ ቁርስና መድኃኒት ይዘለላል፤ ከዘገዩ ደግሞ የፈጣን መንገዱ መግቢያ ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚጠብቀው የከተማው መጨናነቅ ነው። እስከ ሞጆ የአዳማው ፈጣን መንገድ ነው፤ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለውም ፈጣን መንገድ ለስላሳ ነው። አንድ ችግር ግን አለው። ፈጣን መንገድ ላይ እንደ ድሮው መንገድ በየመንደሩ ሻይ ቤት የለም፤ ሲያስፈልግ ዝም ብሎ ዳር መያዝም አይፈቀድም። ስለዚህ መንገዱ ውስጥ ከመግባት በፊት ሁሉም ሰው ሽንት ቤት ይግባ፣ «አሁን አልመጣብኝም» ያለውም ጭምር።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስውር ችግር ያለው። እናቶቻችን መንገድ ሲሄዱ ውሃ አይጠጡም። «እማማ፣ ትንሽ ውሃ ይጉንጩ» ሲባሉ «ግድየለም ልጄ፣ ስንደርስ» ይላሉ። ምክንያቱን አይናገሩም፤ የሚፈሩት ሽንት ቤቱን ነው። በስምጥ ሸለቆው ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ ግማሽ ቀን መዋል፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው፣ ራስ ማዞርና መውደቅ ያመጣል። ውሃ እንዲጠጡ መጨቅጨቅ አይጠቅምም፤ የሽንት ቤቱን ነገር ቀድሞ መጨረስ ነው የሚጠቅመው። መቆሚያዎቹን ጠዋት እነግራቸዋለሁ፦ «ሞጆ ላይ እንቆማለን፣ ባቱ ላይ እንቆማለን።» ብዙ የመንገድ ሽንት ቤት የቁጢጥ ስለሆነ ደግሞ መሃሉ ክፍት የሆነ ታጣፊ ወንበር በመኪናው ኋላ ይኖራል። ቁጢጥ ያለው ቦታ ላይ ዘርግቶ ማስቀመጥ ነው። ሶፍት፣ ሳሙናና አንድ የእጅ መታጠቢያ ጆግ ውሃ አብረውት ይሄዳሉ። ይህን ያዩ እናቶች ውሃውን ራሳቸው ይጠይቃሉ። ሐኪም ውሃ የወሰነባቸው የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኞች ግን የተወሰነላቸውን ያህል ብቻ ይጠጣሉ፤ ሽንት የሚያበዛውን ኪኒንም ለመንገድ ብሎ በራስ መተው አይገባም። ሰዓቱን ማዘግየት ይቻል እንደሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

በየሰዓት ተኩሉ ቆሞ አምስት ደቂቃ ማራመድ እግር እንዳያብጥና ደም እንዳይረጋ ይረዳል። መውረድ የማይችል ሰው ወንበሩ ላይ እንዳለ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች ሃያ ጊዜ ያንቀሳቅስ።

ባቱ የምንደርሰው ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ከመኪና ወርዶ ለማየት ያምራል፤ እግር ለመንከር ግን አይሆንም፣ ቢልሃርዚያ አለበት። ከባቱ ወዲያ በአሮጌው መንገድ የሚጠብቀን ሌላ ነው፦ ጋሪ፣ ከብት፣ ባጃጅ፣ ትልልቅ የጭነት መኪና። ሾፌሩ እዚህ ፍጥነት እንዲቀንስ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። የመንገዱን ፀጥታ በዕለቱ ጠዋት መጠየቅና ሳይጨልም ማረፊያ መግባት ለማንም ይበጃል፤ ለአዛውንት ግን ድርድር የለውም።

በአንድ ቀን ሐዋሳ መግባት ይቻላል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ሌሊት ላንጋኖ ማሳደርን እመርጣለሁ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት ይደረሳል፣ ከሰዓት በኋላውም ለእንቅልፍ ይተርፋል። ውሃው ቡናማ ስለሆነ ቆሻሻ የሚመስላቸው አሉ፤ ቀለሙ የደለሉ ነው፣ ሐይቁም ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ ይታወቃል። እግርን ነክሮ መቀመጥ ይቻላል። የሚያስቸግረው አሸዋው ነው፦ ከዘራ ይሰምጥበታል፣ ተሽከርካሪ ወንበርም አይሄድበትም። አንዳንዱ ሎጅ ከክፍሉ እስከ ሐይቁ ቁልቁለትና የድንጋይ ደረጃ አለው። ስልክ ሲደወል «ሐይቁ ቅርብ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ስንት ደረጃ ነው፣ የእጅ መደገፊያ አለው?» ማለት ነው። ከላንጋኖ አጠገብ የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ሰጎንና ሚዳቋ ከበሩ ብዙም ሳይርቁ ስለሚታዩ እግሩ ለማይችል ሰው ጥሩ መዝናኛ ነው። ወደ ሻላ ፍል ውሃ የሚወስደው የውስጥ መንገድ ግን ያንገጫግጫል፤ ወገቡን የሚያመው ሰው ይቅርበት።

አርሲ ነገሌና ሻሸመኔን አልፈን ሐዋሳ። ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ሜዳ፣ መንገዷ ሰፊና ዛፍ ያለበት ናት። ከአዲስ አበባ ዳገት ለመጣ ጉልበት ይህ ራሱ ዕረፍት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሃምሳ ሜትር ሲሄዱ የሚያለከልኩ ሰዎች እዚህ ሐይቁን ተከትለው ረጅም መንገድ ሲሄዱ ይታያሉ። ባጃጅ ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመግባት ይቀላል፤ መደገፊያ ብረቱን ይዞ፣ መጀመሪያ ተቀምጦ ከዚያ እግር ማስገባት ነው።

የሆቴሉ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ኮከቡን ትቼ መታጠቢያ ቤቱን በቴሌግራም ፎቶ አንስተው እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ። ገንዳ ካለው ለአዛውንት አይሆንም፤ ጠርዙን ተሻግሮ መግባት የሚጥል ነገር ነው። የቁም ሻወር፣ ወለሉ የማያንሸራትት፣ ምድር ቤት ያለ ክፍል ይሻላል። ሊፍት ካለ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱንም ያንቀሳቅስ እንደሆነ ይጠየቅ፤ አንዳንድ ቦታ መብራቱን እንጂ ሊፍቱን አያነሳም፣ ያኔ አራተኛ ፎቅ ያሉ አባት ራታቸውን ክፍላቸው ውስጥ ይበላሉ። ትልልቆቹ ሪዞርቶች ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ ክፍሉ ከምግብ አዳራሹ ሁለት መቶ ሜትር ከራቀ በቀን ስድስት ጊዜ ያንን መመላለስ አለ። ከቤት የሚሄዱት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የሻወር ፕላስቲክ ወንበር፣ የጎማ ምንጣፍ፣ ሌሊት ሶኬት ላይ የምትበራ ትንሽ መብራት፣ የእጅ ባትሪ። በማያውቁት ክፍል ሌሊት ለሽንት የተነሳ ሰው የሚወድቀው በጨለማ ነው።

አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የአሣ ገበያ፣ ጠዋት ነው የሚኬደው። አሣ አጥማጆቹ ይገባሉ፣ አሣው ይገፈፋል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ዘበኛ ቆመው ይጠብቃሉ። መሬቱ እርጥብና ቅርፊት የበዛበት ስለሆነ ነጠላ ጫማ አይደረግም። ቡና የሚጠጣበት ጥላ ሥር ወንበር ይዞ ከዚያ ማየት ይበቃል። ጥሬ አሣ በዳጣ የሚወደድ ቢሆንም ለአዛውንት አልመክረውም፣ ጥገኛ ተውሳክ አለበት። ቆሮሶ ሙሉ ተጠብሶ ሲመጣ ጣፋጭ ነው፤ እሾሁ ግን ሰው ሠራሽ ጥርስ ላደረገ ሰው አደገኛ ነው፣ ላንቃው በፕላስቲኩ ስለሚሸፈን እሾሁን አፉ አይለየውም። እንዲህ ላለው ሰው የአሣ ኮተሌት ወይም የአሣ ዱለት ማዘዝ ነው። ሾርባውም ጥሩ ነው፤ ደም ግፊት ላለበት «ጨው ቀንሱበት» ማለት ግን ከመሠራቱ በፊት ነው እንጂ ከቀረበ በኋላ አይሆንም። ሌላው፣ ጥብቅ ጾመኞች አሣ አይበሉም። ለአሣ የታሰበው ቀን ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ እናቶች ሽሮ በልተው ይመለሳሉ፤ ቀን ሲመረጥ አጽዋማቱን ማየት ነው።

ጀልባ ከተፈለገ እሱም ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ጀልባውን ስለሚያናውጠው መውጣትና መውረዱ ይከብዳል። ጉማሬ ለማየት መቅረብ የሚፈልግ ጀልባ ነጂ ካለ «ከሩቁ ይበቃናል» ይባል። የተንሳፋፊ ጃኬቱ ዘለበት ጋቢ ላይ ሳይሆን ጋቢው ወልቆ ልብስ ላይ ይታሰር። ሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች ግቢ ጦጣና ጉሬዛ አለ። ጉሬዛው ጨዋ ነው፤ ጦጣው ግን ጠረጴዛ ላይ ያለ የመድኃኒት ፌስታል ምግብ መስሎት ይዞ ዛፍ ይወጣል።

ስለ በዓል ካነሳን፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበ ታላቅ በዓል ነው። ቀኑን አያንቱዎች (የሲዳማ ባህላዊ ኮከብ ቆጣሪዎች) ከዋክብት አይተው የሚወስኑት ስለሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ለማየት የሚያስደስተውን ያህል ሕዝቡ ብዙ፣ ሆቴሉም ሙሉ ነው፤ ለረጅም ሰዓት መቆም የማይችል ሰው ከዚያ ሳምንት ውጭ ቢሄድ ይሻለዋል።

ወንዶ ገነት ፍል ውሃ የብዙ አዛውንት የጉዞ ምክንያት ነው፣ በጫካው ውስጥ መቀመጡ ራሱ ፈውስ ይመስላል። ጥንቃቄው ግን ቀላል አይደለም። ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል፤ የግፊት ኪኒን የወሰደ ሰው በድንገት ብድግ ካለ ይወድቃል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሲጨርሱ ጠርዙ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ሰው ይዞ መነሳት ነው። ምግብ እንደበሉ ወይም በባዶ ሆድ አይገባም። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ሙቀትን ላይለይ ስለሚችል ሌላ ሰው በክርኑ ይሞክርለት፤ ካልሆነ ሳያውቀው ይቃጠላል። ከከፍታ የሚወርደው ውሃ አንገትና ጭንቅላት ላይ እንዲመታ አይደረግም፣ ትከሻና ወገብ ይበቃዋል። በቅርቡ የልብ ሕመም የገጠመው፣ ያልሻረ ቁስል ያለበት ወይም ግፊቱ ያልተስተካከለ ሰው ዳር ተቀምጦ እግሩን ይንከር። ጸበል አይደለምና «እስኪያልበኝ» ብሎ መቆየት የለም።

መድኃኒት ለጉዞው ቀን ሁሉ፣ ሦስት ቀን ተጨማሪ አድርጎ፣ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ቦርሳ ይያዝ። የመድኃኒቱ ስምና መጠን የተጻፈበት ወረቀት አንዱ ኪስ ውስጥ፣ ፎቶው ልጅ ስልክ ላይ ይኑር። የተከፈተ ኢንሱሊን ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን ሙቀቱ ከዚያ በላይ ነው። ሲወርዱ አብሮ ይውረድ። በረዶ ላይም በቀጥታ አይቀመጥ፣ አንዴ በረዶ ከሠራ ይጣላል።

መኪና የሚከብዳቸው በአውሮፕላን መሄድ ይችላሉ፤ በረራው ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ትኬት ሲቆረጥ ይታዘዝ እንጂ ኤርፖርት ተደርሶ አይጠየቅ። ከአሜሪካ ለሚመጡ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር፦ ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአዛውንት የጤና መድን፣ በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም፣ ስለዚህ የጉዞ መድን ከመነሳት በፊት ይገዛ። ከቦሌ ቀጥታ ወደ ሐዋሳ አይነዳ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይረፉ።

የስምጥ ሸለቆው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ወባ አለ። ድሮ እዚህ ያደገ ሰውም ብዙ ዓመት ውጭ ከኖረ የነበረው መቋቋም አብሮት የለም፤ የመከላከያ ኪኒን ከሐኪሙ ይጠይቅ። ፀሐይ ስትጠልቅ ረጅም እጅጌና ካልሲ፣ ሌሊት አጎበር። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ መዛል ከመጣ «የመንገድ ድካም ነው» ተብሎ አይተኛም፤ ሽማግሌ ላይ ትኩሳቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላልና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ «ሐዋሳ ነበርኩ» ብሎ የደም ምርመራ ማድረግ ነው።