ለጥርስ ክሊኒኬ ሠራተኛ የመረጥኩበት መንገድ

በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት ወንበር የጥርስ ክሊኒክ ስከፍት ሐሳቤን ሁሉ የወሰዱት የሕክምና ወንበሮቹ፣ የራጅ መሣሪያውና የቤት ኪራዩ ነበሩ። ሠራተኛን በተመለከተ የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ካገኘሁ የቀረው በሥራ ላይ ይስተካከላል ብዬ አምን ነበር። የመጀመሪያዋን ረዳቴን የቀጠርኳትም አጎቴ «እንደ ልጄ የማያት ናት፤ አደራህን» ስላሉኝ ብቻ ነበር።

ልጅቷ ትሑትና ሰዓት አክባሪ ነበረች። ከአራት ወር በኋላ ግን ታካሚ በበዛበት አንድ ከሰዓት የሕክምና ዕቃ ከጀርም ነፃ ወደሚደረግበት ወደ ማምከኛው ክፍል ስገባ፣ የጥርስ መንቀያ ጉጠቶች አውቶክሌቭ (በኤሌክትሪክ እየሠራ ዕቃን በእንፋሎት ሙቀት የሚያመክን መሣሪያ) ሳይገቡ በኬሚካል ብቻ ተነክረው ለሚቀጥለው ታካሚ ሲዘጋጁ አየሁ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር እኔን ከሥራ ላለማስቆም ፈርታ እንደሆነ ነገረችኝ። የቀሩትን ታካሚዎች ይቅርታ ጠይቄ ለሌላ ቀን ቀጠርኳቸው። ከዚያ በፊት እንዲህ ተደርጎ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቃት አልተደረገም አለችኝ፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የማምከን ዙር የሚጻፍበት መዝገብ ስላላዘጋጀሁ ቃሏን የማረጋግጥበት መንገድ አልነበረኝም። ከእርሷ ጥፋት ይልቅ ዛሬም ድረስ የሚከብደኝ ይህ የራሴ ጉድለት ነው።

ላሰናብታት ስነሳ አጎቴ ሽማግሌ ላኩብኝ። በዚያ ላይ ያለ ጽሑፍ ውል ቀጥሬያት ስለነበር የሙከራ ጊዜ የሚባል ነገር በመካከላችን አልነበረም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ እንዲሆንና ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ እኔ ይህን ያነበብኩት ከተቸገርኩ በኋላ ነው። ተገቢውን ክፍያ ፈጽሜ ተለያየን፤ ከአጎቴ ጋር የነበረን ግንኙነት ግን እስኪታደስ ከዓመት በላይ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ማንንም በዝምድና አልቀጠርኩም፤ ሠራተኛ ሁሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውሉን አንብቦ ይፈርማል።

ቀጥሎ በቴሌግራም ማስታወቂያ አወጣሁ። ከአመልካቾቹ ብዙዎቹ ክሊኒካል ነርሶች ሲሆኑ፣ የሥራ ልምድ መግለጫቸው አንድ ሰው የጻፈው እስኪመስል ድረስ ተመሳሳይ ነበር። ወረቀት እንደማይበቃኝ ስለገባኝ ለመጨረሻ ዙር የደረሱትን አራት ሰዎች አበል ከፍዬ ለግማሽ ቀን አንድ በአንድ ጠራኋቸው። ታካሚ እንዲነኩ አላደረግሁም፤ በልምምድ ጥርስ ላይ ሥራ የተሠራበትን የዕቃ ትሪ ሰጥቻቸው ለሚቀጥለው ታካሚ እንደሚሆን አድርገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያዘጋጁት ጠየቅኳቸው። ወፍራም ጓንት ማድረጋቸውን፣ መርፌውን በሁለት እጃቸው መልሰው ለመክደን አለመሞከራቸውን፣ ስለታም ዕቃውን ወደ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌና ስለት ወደሚጣልበት ጠንካራ ሳጥን) መጣላቸውን፣ ዕቃውን ከማምከናቸው በፊት በሚገባ ማጠባቸውን ከጥግ ሆኜ ተመለከትኩ። በመጨረሻም ዕቃው ታሽጎ በሚመክንበት ከረጢት ላይ የሚለጠፈውን፣ ሙቀት ሲያገኝ ቀለሙ የሚለወጠውን ቴፕ አሳይቼ «የጠቋሚው ቴፕ ቀለም ከተለወጠ ዕቃው መክኗል ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ቴፑ የሚያሳየው ከረጢቱ ሙቀት ያገኘ መሆኑን ብቻ ነው፤ እንፋሎቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ መቆየቱን አያረጋግጥም።

በቃለ መጠይቁ ከሁሉ በላይ የማረከኝ አመልካች ሳያመነታ «አዎ» አለ። ብዙም የማትናገር አንዲት ወጣት ግን ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ይህን በእርግጠኝነት አላውቅም ዶክተር፤ ነገር ግን ከረጢቱ እርጥብ ሆኖ ከወጣ አልጠቀምበትም» አለችኝ። እርጥብ ከረጢት ጀርም ስለሚያሳልፍ ልክ ነበረች። የቀጠርኩት እርሷን ነው፤ የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው ይማራል፣ መብራት በጠፋ ጊዜም እኔን ሳይፈራ ሥራ ያስቆማል ብዬ አመንኩ።

ለቀድሞ አሠሪዎች መደወልንም ያኔ ጀመርኩ። ረጅም ጥያቄ አያስፈልግም፤ «ቦታ ቢኖርዎት መልሰው ይቀጥሯታል?» ብሎ ጠይቆ ዝም ማለት ይበቃል። ከመልሱ በፊት ያለው ዝምታ ከድጋፍ ደብዳቤ የበለጠ ይናገራል።

ጥሩ ሰው ማግኘት ግን ማቆየት አይደለም። «ደመወዝ፦ በስምምነት» እያልኩ በማስታወቅና ጭማሪን ከወር ወር በማስተላለፍ አንዲት ጎበዝ የእንግዳ ተቀባይ አጥቻለሁ። ፊቱ አብጦ ያለ ቀጠሮ የመጣን ሰው አይታ፣ ወረፋ የያዙትን ሳታስቀይም ወደ ውስጥ ታስገባ ነበር፤ እንደ እርሷ ያለ ሰው እስካገኝ ስምንት ወር ፈጀብኝ። አሁን ደመወዙን ማስታወቂያው ላይ እጽፋለሁ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከእኔ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ በየወሩ እከፍላለሁ፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትንም በመጀመሪያው ቀን፣ በአንድ ወርና በስድስት ወር ሦስቱንም ጊዜ በክሊኒኩ ወጪ አስከትባለሁ።

ያቺ ብዙም የማትናገር ወጣት ዛሬ የማምከኛው ክፍል ኃላፊ ናት። አዲስ አመልካች ሲመጣ ትሪውን የምታቀርበው እርሷ ስትሆን፣ እርሷ ያላመነችበትን ሰው እኔ አልቀጥርም።