ሪችመንድን በጄምስ ወንዝ ዳርቻ መጎብኘት

ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድን፣ በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን የምናውቃት በአውራ ጎዳናው ስናልፍ ብቻ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ በመጣች ጊዜ ወደዚያው ይዣት ሄድኩ፤ ጉብኝቱንም የታሪክ ቦታና መናፈሻ ብዬ ሳልከፍል፣ የጄምስ ወንዝን ተከትዬ አቀድኩት።

ከባሕር የሚመጡ መርከቦች ከዚህ አልፈው መሄድ አይችሉም ነበር፤ ምክንያቱም ወንዙ በ11 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ከ30 ሜትር በላይ ቁልቁል እየወረደ በአለቶች መካከል ይጋፋል። ጭነት የሚራገፈው እዚህ ስለሆነ ንግድ ደራ፤ የውሃው ጉልበትም የዱቄት ወፍጮዎችንና የብረት ፋብሪካዎችን አንቀሳቀሰ። ይህን አስቀድሞ የተረዳ ጎብኚ እያንዳንዱ ነገር ለምን እዚያው ቦታ ላይ እንደተተከለ ያለ አስጎብኚ ይገባዋል።

ጠዋት የጀመርነው ከሊቢ ሂል መናፈሻ ነው። ከተማዋን በ1737 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቆረቆረው ዳግማዊ ዊልያም በርድ ስሟን ያወጣላት፣ የወንዙ መታጠፊያ በእንግሊዝ አገር ያለችውን ሪችመንድ ስላስታወሰው ነው ይባላል። ከኮረብታው በታች ባለው ዳርቻ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሰሜኑ ጋር የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች መዲና የነበረችው ሪችመንድ በሚያዝያ 1865 በወደቀች ማግሥት፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ከጀልባ ወርዶ ወደ ከተማዋ በእግሩ ገባ፤ ነጻ የወጡ ጥቁሮችም ከበውት ተከተሉት።

ብዙም ሳይርቅ፣ ከእንግሊዝ አገዛዝ ለመላቀቅ ይታገል የነበረው ፓትሪክ ሄንሪ በ1775 «ነጻነት ስጡኝ፤ አለዚያም ሞት» ያለበት የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከዚያ ወደ ሾኮ ቦተም ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ሰዎች በባርነት የተሸጡበትና ላምፕኪን በተባለ ነጋዴ እስር ቤት የታጎሩበት ስፍራ ይደረሳል። ነጻነት የተጠየቀበት ደብርና ሰው የተሸጠበት ገበያ በእግር የሚያስኬድ ርቀት ላይ መሆናቸው፣ ከከተማዋ ሁሉ በጥልቅ የነካኝ ነገር ነው። የተጻፈውን ስተረጉምላት እናቴ «ነፍሳቸውን ይማር» ብላ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ጊዜ የሚያጥረው ሰው ሌላውን ሁሉ ቢተው እንኳ ይህን ቦታ እንዳያልፈው አጥብቄ እመክራለሁ።

ከሾኮ ቦተም የሚነሳው የቦይ ዳር መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝምና ደልዳላ ስለሆነ ለአረጋውያን ይመቻል። መንገዱ የሚያደርሰው በ1837 ወደተቋቋመው፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለደቡቡ ጦር መድፍ ያመርት ወደነበረው የትሬዴጋር ብረት ፋብሪካ ነው፤ ዛሬ ግቢው የጦርነቱ ሙዚየም ሆኗል። በአቅራቢያው፣ በአሮጌ ግድብ ላይ ተሠርቶ በ2016 የተከፈተ የእግረኛ ድልድይ አለ፤ መሐሉ ላይ ቆሞ አለቱን፣ ውሃውንና ዓሣ የሚጠብቁትን ሽመላዎች መመልከት ይቻላል።

የሰሜኑ ጦር ምርኮኞች ይታሰሩበት ወደነበረው ቤል አይል ደሴት የሚያሻግረው ደግሞ ከመኪና ድልድይ ሥር የተንጠለጠለ መተላለፊያ ነው። ወደ ውሃው ለመግባት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የወንዙን ከፍታ ማጣራት አለበት፤ መለኪያው 5 ጫማ ሲደርስ የሕይወት አድን ጃኬት ግዴታ ይሆናል፣ ከ9 ጫማ በላይ ከሆነ ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባም። የአሜሪካው በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ወበቅ ከባድ ስለሆነ እኔ የምመርጠው ጥቅምትን ወይም ሚያዝያን ነው።

40 ሄክታር የሚሰፋውን ሜይሞንት የተባለ መናፈሻ ለከሰዓት በኋላ ማቆየት ጥሩ ነው። የጃፓን የአትክልት ስፍራው ከኮረብታው ግርጌ ስለሚገኝ መውረዱ ቀላል፣ መመለሱ ግን አድካሚ ነው፤ ስለዚህ ከእናቴ ጋር በየወንበሩ እያረፍን ወጣን። መኪና ለሌለው ሰው ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ባቡር አለ፤ ሆኖም አንዳንዶቹ ከመሐል ከተማ ራቅ ባለው ስቴፕልስ ሚል ጣቢያ ብቻ ስለሚቆሙ፣ ቲኬት ሲቆረጥ ሾኮ ቦተም ውስጥ ባለው ሜይን ስትሪት ጣቢያ የሚቆመውን መምረጥ ያስፈልጋል።