ኢንዶሜትሪዮሲስን ያለ ላፓራስኮፒ ማስተማር

በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች ለሚሠሩ አዋላጅ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ ሥልጠና እንድሰጥ ስጠየቅ፣ ከትርጉሙ ላለመጀመር ወሰንኩ። የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ ኦቫሪ (እንቁላል የሚወጣበት አካል) ወይም አንጀት ላይ እንደሚበቅል አብዛኞቹ ተምረውታል። የቸገራቸው በሽተኛዋ ፊታቸው ስትቀመጥ እሱን ማሰቡ ነው።

ስለዚህ የአንዲት ወጣት ካርድ ፈጥሬ አደልኳቸው። ጥቅምት 20 የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ኅዳር 18 ታይፎይድ፣ ታኅሣሥ 16 የማህፀን ኢንፌክሽን፣ ጥር 14 አሜባ ተብላ በየጊዜው መድኃኒት ወስዳለች። ቀኖቹን የግድግዳ ካላንደር ላይ አክብቡ አልኳቸው። ወራችን 30 ቀን መሆኑ ጠቀመን፤ ምልክቱ በየወሩ ሁለት ቀን ወደኋላ እየሸሸ፣ እንደ ወር አበባ በየ28 ቀኑ ተሰለፈ። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍሉ ጸጥ ያለው ያኔ ነው። የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ካርዱ ላይ የትም አልተጻፈም።

ቀጥሎ ጥያቄ መጠየቅን ተለማመድን። «ሕመሙ ከትምህርት ቤት ያስቀርሻል?» ቀላል ነው። «በወር አበባሽ ሰሞን ሰገራ ስትወጪ ያምሻል?» እሱም ይሄዳል። «ከባለቤትሽ ጋር ስትገናኙ ውስጥሽ ድረስ ያምሻል?» ላይ ወንዶቹ አቀረቀሩ። ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ደጋግመው እንዲሉት አደረግኩ። እናት አብራ ከገባች ደግሞ በአክብሮት «እናቴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ውጭ ይጠብቁን» ማለት የምርመራው አካል ነው።

«ላፓራስኮፒ የለን፣ ምን እናድርግ?» ብሎ የሚጠይቅ ሁልጊዜ ይኖራል፤ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የሆድ ውስጥን የማየት ቀዶ ሕክምና ማለቱ ነው። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላፓራስኮፒ የግድ መሆኑ ቀርቷል፤ በምልክቶቹ ተጠርጥሮ መድኃኒት መጀመር ይቻላል። አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም። «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለውን ምክር ግን ከባለሙያ አፍ መስማት ያናድደኛል፤ እርግዝና መድኃኒቱ አይደለም። እንዲያውም በሽታው ማርገዝን ሊያስቸግር ይችላል። ሞክራ ዓመት ያለፋት፣ አልትራሳውንድ ላይ እብጠት የታየባት ወይም መድኃኒቱ ያላሻላት ወደ ማህፀን ስፔሻሊስት ትላክ።

የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ ይወሰዳል። አንዲት የመንዝ አዋላጅ «በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዷን የምትውለዋስ?» አለች። ስለ ጾሟ መጠየቅንና ሰዓቱን አብሮ ማስተካከልን ልምምዱ ውስጥ ጨመርነው።

ብዙ ያከራከረን ዲፖ፣ የእርግዝና መከላከያ መርፌው ነው። በየጤና ጣቢያው ይገኛል፣ ሕመሙንም ያስታግሳል፤ ሲቆም ግን ሕመሙ ሊመለስ፣ እርግዝናም ለወራት ሊዘገይ ስለሚችል ቶሎ መውለድ ለምትፈልግ አይሆንም። ያላገባች ልጅ ደግሞ ቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ስትገባ ከታየች ወሬው ገበያ ይደርሳል። መርፌውን በተመላላሽ ክፍል እንስጥ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከሠልጣኞቹ ነው። መድኃኒቱ በቤተሰብ ዕቅድ መዝገብ የሚወራረድ ከሆነ ግን ከኃላፊው ጋር ቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።