ብስክሌቶቻችንን ቋሚው ላይ ስንሰቅል

አምና በግንቦት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በምንኖርባት በኮሎራዶዋ ኦሮራ ከተማ ለሃያ ደቂቃ ያህል የወረደው በረዶ ውጭ ቆሞ የነበረውን የመኪናችንን ጣሪያና ኮፈን አጎድጉዶት ሄደ። በዚህ አካባቢ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ነሐሴ ድረስ እንዲህ ያለ በረዶ እንደሚመጣ ማንም ነዋሪ ያውቃል፤ ስለዚህም ጋራዥ ያለው ሰው መኪናውን ማስገባት እንጂ ደጅ ማሳደር አልነበረበትም። እኛም ጋራዥ አለን። ችግሩ ጋራዣችን ለመኪና የሚሆን ቦታ አልነበረውም፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ስፍራ የያዙት አራት ብስክሌቶች ነበሩ።

ጋራዡ ባለ አንድ መኪና ነው፤ ስፋቱ 3.6 ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ገደማ ነው። በግራ ግድግዳው በኩል የባለቤቴ ምጣድ፣ የሊጡ ባልዲዎችና የጤፍ ዱቄቱ ይቀመጣሉ። እዚህ አገር ያለ አበሻ ሁሉ እንደሚያውቀው እንፋሎቱና ሽታው ቤቱን እንዳይሞላው እንጀራ የሚጋገረው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ያ ጥግ ስለዚህ የሚነካ አልነበረም። የእኔ፣ የባለቤቴ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄና የሰባት ዓመቱ ልጄ ብስክሌቶች ግን አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈው መሃሉን ሞልተውት ነበር። የአንዱ ፔዳል በሌላው ጎማ ዘንጎች መካከል ይገባል፤ መሪው ከመሪ ይያያዛል፤ ከግድግዳው ሥር ያለውን ለማውጣት ሦስቱን ወደ ደጅ ማውጣት የግድ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ይህ ነበር። የሃይላይን ካናል የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ርዝመቱ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአብዛኛው በዛፍ ጥላ ሥር ይሄዳል። ልጆቼ ግን ብስክሌት ለማውጣት የሚጠይቀውን ድካም እያሰቡ በየቅዳሜው ቤት ይውሉ ነበር። እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ሜዳማ በሆነችው በዚያች ከተማ ብስክሌት የተማሪውም፣ የሠራተኛውም፣ የነጋዴውም እግር ነበር። አባቴ ማታ ማታ ብስክሌቱን ከሳሎኑ በር ጀርባ አስገብቶ ያሳድር ነበር፤ ጠዋት ከዚያው እጁን ሰድዶ ይዟት ይወጣል። ብስክሌት በቀላሉ ካልተገኘ እንደማይነዳ የተማርሁት ያኔ ነው።

ከበረዶው በኋላ ሜትር ይዤ ጋራዡን ለካሁ። መኪናችን 4.6 ሜትር ርዝመት አለው፤ ከስድስቱ ሜትር ላይ ሲቀነስ በስተኋላ፣ ወደ ቤት ከሚያስገባው በር ጎን ባለው ግድግዳ በኩል፣ 1.4 ሜትር ይተርፋል። የአዋቂ ብስክሌት መሬት ላይ ሲቆም 1.75 ሜትር ያህል ርዝመት ይይዛል፤ በዚህ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ሊቆም አይችልም፤ ጎኑን ከግድግዳው ጋር አስጠግተን ብናቆመውም አራቱ ሲደራረቡ ወደ መኪናው ይገፋሉ። በፊት ጎማው ተንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ ሲሰቀል ግን ከግድግዳው ወደ ፊት የሚወጣው 1.1 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በመኪናውና በብስክሌቶቹ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይቀራል ማለት ነው። ያን ቀን ወረቀት ላይ የጻፍሁት ይህ ቁጥር ነው ሥራውን ያስጀመረኝ።

በመጀመሪያ የሠራሁት ግን ስሕተት ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው በዝርዝር እጽፈዋለሁ። ከአንድ የዕቃ መደብር አራት መንጠቆዎች ገዛሁና የመጀመሪያውን ለዓይኔ በተመቸኝ ቦታ ላይ ግድግዳውን በስቼ፣ የፕላስቲክ መያዣ ከትቼ በብሎን አሰርሁት። በእጄ ስስበው ጠንካራ መሰለኝ። የራሴን ብስክሌት ሰቀልሁበት፤ 14 ኪሎ ያህል ትመዝናለች። ሌሊቱን ምንም አልሆነም። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ግን ከወጥ ቤት ሆነን አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማን። መንጠቆው እጅ የሚያህል የግድግዳ ቁራጭ ይዞ ተነቅሎ፣ ብስክሌቷ የልጄ ብስክሌት በምትቆምበት ስፍራ ላይ ወድቃ አገኘናት። ልጄ በዚያች ሰዓት እዚያ ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አሁንም ሳስበው ሰውነቴ ይቀዘቅዛል።

እናቴ ያን ሰሞን ከጎጃም መጥታ አብራን ነበረች። ወድቆ የተበተነውን ነጭ ዱቄት እያየች፦ «ልጄ፣ ኩላብ ምርጊት ላይ ይተከላል እንዴ? ኩላብ እኮ ቋሚ ላይ ነው የሚመታው» አለችኝ። እርሷ ያደገችበት የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ የአያቴ ኮርቻ፣ ልጓሙና አለንጋው፣ ሰፌዱና ወንፊቱ ሁሉ ተሰቅለው ይኖሩ ነበር። ጭቃው መልበሻ እንጂ ተሸካሚ እንዳልሆነ፣ ኮርቻውን የሚሸከመው ከጭቃው ውስጥ የተደበቀው እንጨት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ አልነበረም።

የአሜሪካ ቤት ግድግዳም በአሠራሩ ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም። ከውስጥ በኩል የሚታየው ነጭ ገጽ 1.27 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ በወረቀት የተሸፈነ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው፤ ይህ የእኛ ምርጊት ነው። ከጀርባው 3.8 በ8.9 ሴንቲ ሜትር የሆኑ እንጨቶች ከወለል እስከ ጣሪያ ቆመዋል፤ እነዚህ ቋሚዎቹ ናቸው። በአብዛኞቹ ቤቶች ከአንዱ ቋሚ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ያለው ርቀት 40.6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በአንዳንዶቹ 61 ይሆናል። ጂፕሰሙ ሥዕል ወይም ሰዓት ይሸከማል። ከፊት ለፊቱ አንድ ሜትር ያህል ወጥቶ የሚንጠለጠልን፣ በተነካ ቁጥር የሚወዛወዝን ዕቃ ግን ሊሸከም አይችልም፤ ምክንያቱም ክብደቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም ይስባል።

ቋሚውን ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ የተጠቀምሁት በትንሽ ማግኔት ነው፤ ጂፕሰሙ ከቋሚው ጋር የታሰረበት ብሎን ከቀለሙ ሥር ስላለ፣ ማግኔቱን በግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ ሲያንሸራትቱት በብሎኑ ላይ ይያዛል። አንዱን ካገኙ በኋላ ከላይና ከታች በዚያው መስመር ሌሎቹን ማረጋገጥ፣ ከዚያም ወደ ጎን 40.6 ሴንቲ ሜትር መለካት ነው። የመጨረሻውን እርግጠኝነት የሚሰጠው ግን መሰርሰሪያው ነው። ቀጭኑ ጫፍ ሲገባ መጀመሪያ ነጭ የጂፕሰም ዱቄት ወደ ጣት ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያ እጅ ላይ የሚሰማው ድምፅ ይለወጣል፣ ይከብዳል፣ ከቀዳዳው የሚወጣውም ቢጫ የእንጨት ፍቅፋቂ ይሆናል፤ የጥድ ሽታ ይሸታል። ከነጩ ዱቄት በኋላ መሰርሰሪያው ድንገት ባዶ ቦታ ውስጥ ከገባ ቋሚውን ስተውታል ማለት ነው። የእንጨቱ ስፋት 3.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከጎንና ከጎኑ ሁለት ሦስት ቀዳዳ እየበሱ ዳርና ዳሩን ማግኘት፣ ከዚያ መሃሉን ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ዳር ላይ የገባ ብሎን እንጨቱን ይሰነጥቃል። የኤሌክትሪክ ሶኬት ወይም ማብሪያ ካለበት በላይና በታች ባለው መስመር መብሳት አይገባም፤ ሽቦው የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ በዚያው ነው። በስሕተት የተበሱትን ቀዳዳዎች ደግሞ ሳይደፍኑ መተው አይገባም። በጋራዥና በመኖሪያው መካከል ያለው ጂፕሰም ከጋራዥ የሚነሣ እሳት ወደ ቤቱ በቶሎ እንዳይዘልቅ የሚከላከል ነው።

በዚህ ጊዜ የገዛሁት ጀርባው ዝርግ ብረት የሆነ፣ እላይና እታች በሁለት ብሎን የሚታሰር፣ ጎማው የሚያርፍበት ክፍል በላስቲክ የተለበጠ መንጠቆ ነው። ብሎኑ 7.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው፤ የጂፕሰሙ ውፍረት ሲቀነስ ከስድስት ሴንቲ ሜትር በላይ በእንጨቱ ውስጥ ይቀበራል። ከብሎኑ የቀጠነ ቀዳዳ አስቀድሞ ካልተበሳለት በቀር ወይ አይገባም፣ ወይ ቋሚውን ይሰነጥቀዋል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የቦታ ድልድል ነበር። የእኔ ብስክሌት መሪ 74 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ በቋሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ግን 40.6 ነው። ሁለት የአዋቂ ብስክሌቶች በተከታታይ ቋሚዎች ላይ በአንድ ከፍታ ቢሰቀሉ መሪዎቻቸው ይጋጫሉ። ስለዚህ አንድ የአዋቂ፣ አንድ የልጅ፣ እንደገና አንድ የአዋቂ፣ አንድ የልጅ እያደረግሁ ደረደርኋቸው። የአዋቂዎቹ መንጠቆ ከወለሉ 2 ሜትር ላይ ነው፤ የሴቷ ልጄ 1.55፣ የትንሹ 1.35 ሜትር ላይ ነው። የልጆቹ መሪ ከእኛው ዝቅ ብሎ ስለሚውል አንዱ በሌላው ሥር ያልፋል፤ በእኔና በባለቤቴ ብስክሌት መካከልም 81 ሴንቲ ሜትር ስለሚኖር አይነካኩም። አራቱ በጠቅላላ ከግድግዳው ስፋት ላይ የያዙት ሁለት ሜትር አይሞላም። ቋሚዎቹ በሚፈልጉት ቦታ ላይ ያልወደቁለት ሰው ቢያንስ ሦስት ቋሚዎችን የሚያያይዝ ወፍራም ጣውላ አግድም አስሮ፣ መንጠቆዎቹን በጣውላው ላይ እንደፈለገ መደልደል ይችላል፤ ያን ጊዜ ብሎኑ የጣውላውንም ውፍረት አልፎ ቋሚው ውስጥ በደንብ እንዲገባ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት።

ስለ ከፍታው ብዙ አስቤአለሁ፤ በእኔ አመለካከት የዚህ ሁሉ ሥራ ፍሬ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ብዙ ሰው መንጠቆውን ከፍ አድርጎ ይሰቅላል፤ ከዚያ ብስክሌቱን የሚያወርደው አባት ብቻ ይሆናል። የልጅ ብስክሌት የኋላ ጎማው ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲርቅ ተደርጎ ከተሰቀለ ግን ብስክሌትን ማንሣት አያስፈልግም። በአንድ እጅ መሪውን ከነኋላ ፍሬኑ፣ በሌላው ኮርቻውን ይዞ የፊቱን ጎማ ወደ ላይ ማቆም ነው። ብስክሌቷ በኋላ ጎማዋ ቆማ ሙሉ ክብደቷን መሬቱ ይሸከምላታል፤ ፍሬኑ ስለተያዘ ወደ ኋላ አትሸሽም። ከዚያ ወደ ግድግዳው አስጠግቶ የቀረችውን ትንሽ ከፍታ በጉልበት ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። የትንሹን ልጄን መንጠቆ ከማሰሬ በፊት ብስክሌቱን ራሱ እንዲያቆማት አድርጌ፣ ቸርኬው የደረሰበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ስለዚህ 1.35 ሜትር የእርሱ ልክ እንጂ ከመመሪያ ወረቀት የተወሰደ አይደለም። ሲያድግ እዚያው ቋሚ ላይ ከፍ እናደርግለታለን።

ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ በአንድ ጎማ ሲንጠለጠል ቸርኬው አይጣመምም ወይ ብለው ነው። ያ ጎማ እኔን ተሸክሞ ጉድጓድ የሚዘልል ነው፤ 14 ኪሎ ብስክሌት ለእርሱ ምንም አይደለም። ቸርኬው ከካርቦን የተሠራ ከሆነ ግን የአምራቹን መመሪያ ማየት ይገባል። ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የዘይት ፍሬን ነው። በፍሬኑ መሥመር ውስጥ ትንሽ አየር ካለ፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሲያድር አየሩ ቦታውን ሊቀይርና ፍሬኑ ሊላላ ይችላል። ስለዚህ ልጆቼ ካወረዱ በኋላ ከመውጣታቸው በፊት ሁለቱንም ፍሬን ብዙ ጊዜ እንዲጨብጡ አስተምሬአቸዋለሁ፤ ጨብጠውት እስከ መሪው ድረስ ከገባ ዘይቱ ሳይስተካከል አይነዳም። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ደግሞ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ስለሚደርስ በእንዲህ ያለ መንጠቆ ላይ እንዲሰቀል አልመክርም፤ መሬት ላይ ይቁም። የፊት ፓራፋንጎ ጎማውን ሸፍኖት መንጠቆው የማይገባ ከሆነም በኋላ ጎማው ገልብጦ መስቀል ይቻላል፤ የዘይት ፍሬን ላለው ግን ይህ አይመረጥም።

በብርዱ ወራት ከበረዶ መንገድ የመጡት ጎማዎች ውኃ ስለሚያንጠባጥቡ ከሥራቸው አሮጌ የመኪና ምንጣፍ ዘርግቻለሁ፤ ጎማው ግድግዳውን በሚነካበትም ቦታ ትንሽ ጣውላ ለጥፌአለሁ። ተከራይ የሆነና ግድግዳ መብሳት የማይፈቀድለት ሰው በወለልና በጣሪያ መካከል ተወጥሮ የሚቆም ምሰሶ ያገኛል፤ የጣሪያው ጂፕሰምም ምርጊት መሆኑን ግን አይርሳ፤ ምሰሶው የሚደገፈው ከጂፕሰሙ ጀርባ እንጨት ባለበት ቦታ ላይ መሆን አለበት።

መኪናው ገባ። ባለቤቴ የምጣዷን ጥግ የምታሰፋበት አንድ ክንድ ቦታ አገኘች። እናቴ ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት አራቱንም መንጠቆዎች በየተራ በሁለት እጇ ይዛ ተንጠላጥላባቸው ፈትሻቸዋለች፤ እኔም ከዚያ ወዲህ የፈረንጆቹ ሰዓት በሚቀያየርበት ሰሞን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ማለት ነው፣ ብሎኖቹን በመፍቻ እፈትሻለሁ። ባለፈው መጋቢት ስፈትሽ የትንሹ ልጄ መንጠቆ የላይኛው ብሎን ሩብ ዙር ያህል ላልቶ አገኘሁት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያወርደውና የሚሰቅለው እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው። አጠበቅሁለት፤ ብስክሌቱን መልሶ ሰቀላት።